ቴብል ማውንቴን በእግር፦ በስኬልተን ጎርጅ ወጥቶ በፕላተክሊፕ መውረድ

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ራስጌ ያለው ቴብል ማውንቴን ከባሕር ወለል በላይ 1,086 ሜትር ነው። ደጋ ላደገ ሰው ይሄ ቁጥር ተራራ አይመስለውም። «ይሄማ ቆላ ነው» ብሎ ስኒከር አጥልቆ፣ አንዲት ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ግን ኬፕ ታውን የወደብ ከተማ ናት። መቁጠር የሚጀመረው ከዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ከተራራው ሥር ካለው ከኪርስተንቦሽ አትክልት ስፍራ ተነስታችሁ ጫፉ ላይ እስክትደርሱ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ዳገት በገዛ እግራችሁ ትወጣላችሁ፣ ያውም በአንድ ማለዳ። አየሩ ስለማይሳሳ ሳንባ አያስቸግርም። ጭንና ጉልበት ግን አበሳቸውን ያያሉ።

ነጥቤን ከወዲሁ ልስጥ፦ ከአምስት አራት ተኩል። መውጫው ሙሉ አምስት ይገባዋል። ግማሿን የቀነስኩት በመውረጃው ነው፤ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ኬብል ካሩ (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣውና የሚያወርደው) የለም ብላችሁ ውጡ። ካለ እሰየው። ከሌለ ግን ውሃውም፣ ጉልበቱም፣ የቀኑ ብርሃንም ለመውረድ የሚበቃ ይሁን።

ወደ ላይ የሚወስዱት መንገዶች ብዙ ናቸው። አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቀው ፕላተክሊፕ ጎርጅን ነው፤ ከከተማው በኩል ካለው ታፈልበርግ ሮድ ተነስቶ ተራራውን በሰነጠቀው ሸለቆ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኢንዲያ ቬንስተር የሚባለው ደግሞ ከኬብል ካሩ በታች ያልፋል። እሱ ላይ ሰንሰለት ይዞ፣ አለት ላይ የተመታ ብረት ረግጦ መውጣት ስላለ ከፍታ ለሚፈራ ሰው አይሆንም። በዚያ በኩል መውረድማ ጭራሽ አይታሰብ። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ በምሥራቅ በኩል ከኪርስተንቦሽ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ተነስቶ በስኬልተን ጎርጅ መውጣት፣ ከላይ ተራራውን አቋርጦ ከፍተኛው ነጥብ ማክሊርስ ቢከን መድረስ፣ ከዚያ በፕላተክሊፕ መውረድ። ሙሉ ቀን ይወስዳል። በዚያው አንድ ቀን ጫካ፣ ወንዝ፣ መሰላል፣ ነጭ አሸዋ፣ አለት እና ሁለት ባሕር ታያላችሁ።

ኪርስተንቦሽ በ1913 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ነው። መግቢያው በክፍያ ነው። አትክልት ስፍራው ራሱ ቀን ሙሉ ቢዞሩት የማይጠገብ ስለሆነ እዚያው አበባ ስታዩ እንዳትቀሩ። በር እንደተከፈተ ገብታችሁ የስኬልተን ጎርጅን ምልክት ተከተሉ። መንገዱ ስማትስ ትራክ ይባላል። ያን ስማትስ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፤ ይሄን ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ነው ያረጀው። ሰባ ዓመት ሞልቶትም ይወጣ ነበር። መሐል ላይ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ይሄን አስታውሱ፤ ያበረታል ወይም ያናድዳል፣ እንደ ሰዉ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ጫካ ነው። ጥላው ወፍራም ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ሥሩ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። ከዛፎቹ መሐል የእኛው ዝግባ ዘመድ አለ፤ ቅጠሉን ብታዩት አይጠፋችሁም። ይሄ ጥላ የስኬልተን ጎርጅ ትልቁ ጥቅም ነው። በበጋ ፕላተክሊፕን የሚወጣው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ አናቱ ላይ ቆማበት ሲጠበስ፣ እናንተ እዚህ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሏችሁ ትወጣላችሁ። ዳገቱ ግን ወዲያው ነው የሚጀምረው። ማሟሟቂያ የለውም። ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠራው ደረጃ ሲያልቅ ሌላ ደረጃ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ። ኮንቱር ፓዝ የሚባለውን ወደ ጎን የሚሄድ መንገድ እስክታቋርጡ ድረስ ቀስ በሉ። እዚያ ድረስ ሮጦ የሚያልፋችሁን ወጣት ብዙ ጊዜ መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

መሰላሎቹ የዚህ መንገድ ዋና ወሬ ናቸው። ሸለቆው ጠብቦ ፏፏቴ የሚወርድበት ቦታ ላይ በእግር ማለፍ ስለማይቻል የእንጨት መሰላል ተተክሏል። ፎቶ ላይ ሲታይ ያስፈራል፣ ስትደርሱበት ግን ከባዱ ነገር መውጣቱ አይደለም። ከባዱ እርጥበቱ ነው። እንጨቱ በውሃ ፍንጣሪ ረጥቦ አረንጓዴ ነገር ይይዛል፤ የጫማችሁ ሶል ያለቀ ከሆነ እዚያው ይነግራችኋል። ስለዚህ መርገጫውን በጣታችሁ ጫፍ ሳይሆን በእግራችሁ መሐል ርገጡ፣ ሁለቱንም እጅ ነፃ አድርጉ፣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ከፊታችሁ ያለው ሰው ጨርሶ ሳይወጣ እግራችሁን አታንሱ። በቅዳሜና እሁድ እዚህ ጋ ሰልፍ ይኖራል። ሰልፉ ያበሳጫል፣ ግን እውነቱን ለመናገር ለማረፍ ጥሩ ሰበብ ነው።

ከመሰላሉ በኋላ ደግሞ መንገዱ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ወንዙ አጠገብ አላልኩም፣ ውስጥ ነው ያልኩት። በድንጋዮቹ ላይ በእጅም በእግርም እየተያዘ ይወጣል። በደረቅ ወቅት ውሃው ትንሽ ስለሆነ ደስ ይላል፣ ልጅነትን ይመልሳል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ውሃውም ይሞላል። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ሌላ መንገድ ያዙ ወይም ሌላ ቀን ሂዱ። ሽቅብ የሄዳችሁበትን ስኬልተን ጎርጅ ቁልቁል መውረድም አይመከርም። ወደ ኪርስተንቦሽ መመለስ ካለባችሁ ጎን ለጎን ያለው ነርሰሪ ራቪን ይሻላል።

የውሃውን ቀለም አይታችሁ አትደንግጡ። የቀጠነ ሻይ ይመስላል። ቆሻሻ አይደለም፤ ፋይንቦስ የሚባለው የአካባቢው ቁጥቋጦ ከሚለቀው ነገር የመጣ ቀለም ነው። በዚህ ተራራ ጅረቶች ውስጥ ብቻ የምትኖር፣ ከምድር ልትጠፋ የተቃረበች ትንሽ እንቁራሪት አለች። እጭዋ በአፏ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው፣ አለበለዚያ ውሃው ጠራርጎ ይወስዳታል። እኔ አይቻት አላውቅም። ግን እሷ ያለችበት ውሃ ውስጥ በሳሙና እጁን የሚታጠብ ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ።

ሸለቆው ሲያልቅ ዓለም ይለወጣል። ከጫካው ጨለማ ወጥታችሁ በአንድ ጊዜ ሰማይ ሥር ትቆማላችሁ። መሬቱ ነጭ አሸዋ ነው። ይሄ ተራራ ከላይ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ሲፈራርስ ወደ አሸዋ ይመለሳል። ትንሽ ወደ ግራ ብላችሁ ከሄዳችሁ ሄሊ ሃቺንሰን የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ታገኛላችሁ፤ በ1904 የተጠናቀቀ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዉድሄድ ደግሞ በ1897። የድንጋዩ ግንብ እስካሁን ፍንክች አላለም። ውሃው ሲቀንስ የግድቡ ዳር የባሕር ዳርቻ መስሎ ይወጣል፣ ቁርስ ለመብላት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጊዜ ካላችሁ ጎራ በሉ። ከሌላችሁ ዝለሉት፣ ዋናው ነገር ገና ነው።

ከዚህ እስከ ማክሊርስ ቢከን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዳገቱ ለስለስ ይላል፣ ግን እግራችሁ ስለደከመ እንደዚያ አይሰማችሁም። ዙሪያው ሁሉ ፋይንቦስ ነው። የኬፕ አካባቢ ዕፅዋት ወደ 9,000 ዝርያ ይደርሳል ይባላል፣ አብዛኛውም ሌላ የትም የለም። ከመንገዱ ባትወጡ ጥሩ ነው። እፅዋቱን ትረግጣላችሁ፣ ትጠፉማላችሁ። በጥር እና በየካቲት የምትሄዱ ከሆነ እርጥብ የድንጋይ ጥግ ላይ ቀይ አበባ ፈልጉ። ዲሳ ትባላለች። ከሩቅ የሆነ ሰው ቀይ ላስቲክ የጣለ ይመስላል፣ ቀርባችሁ ስታዩዋት ነው አፋችሁ የሚዘጋው።

ማክሊርስ ቢከን ትልቅ የድንጋይ ክምር ነው። የተራራው ከፍተኛ ነጥብ ይሄ ነው፣ ኬብል ካሩ የሚቆምበት አይደለም። የኬብል ካሩ ጣቢያ 1,067 ሜትር ላይ ነው፤ በኬብል ካር ወጥቶ «ጫፉ ላይ ነበርኩ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ 19 ሜትር እንደሚቀረው በትሕትና ንገሩት። ክምሩን ያሠራው ቶማስ ማክሊር የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። የምድርን ቅርፅ ለመለካት በሚደረገው ሥራ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ያስፈልገው ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሞቱ ተራራ ወጪዎች መታሰቢያ ጽሑፍም እዚያው አለ፤ በ1923 ሲመረቅ ንግግር ያደረገው ያው የመንገዱ ባለቤት ስማትስ ነው።

አሁን ስለ ደመናው። የኬፕ ታውን ሰው የጠረጴዛ ጨርቅ ይለዋል። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ንፋስ ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጫፉ ላይ ደመና ይሆናል፤ በከተማው በኩል ገደሉን ይዞ ሲወርድ እንደገና ይሞቅና ይጠፋል። ከታች ሆነው ሲያዩት የሚያምር ነገር ነው። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ውስጡ ስትሆኑ ግን አሥር እርምጃ ፊታችሁ ያለው አይታይም፣ ልብሳችሁ ይረጥባል፣ ንፋሱ ያንገዳግዳል፣ ገደሉ የት እንደሚጀምር አታውቁም። ሰማዩ ጥርት ብሎ የጀመረ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከቢከኑ ወደ ፕላተክሊፕ በሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋዩ ላይ የተቀባ ቢጫ ምልክት አለ። ጥርት ባለ ቀን ትርፍ ነገር ይመስላል። በደመና ውስጥ ግን አንዱን ምልክት ሳታዩ ከሌላኛው አትነሱ። ካልታያችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ኬብል ካሩም የሚቆመው ያኔውኑ ነው። ያ ነው ነገሩ። በጣም የሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ላይ የለም። ንፋሱ ሲበረታ ከላይ ያለው ጣቢያ ሳይረን ያሰማል፣ ላይ ያለው ሰው ቶሎ ተሰልፎ ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘጋል። እናንተ ቢከኑ ጋ ሆናችሁ ሳይረኑን ብትሰሙ እስክትደርሱ አንድ ሰዓት ሊፈጅባችሁ ይችላል። ከዚህ ሌላ በየዓመቱ በክረምት፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ገደማ፣ ለጥገና ለተወሰኑ ቀናት ይዘጋል። ስለዚህ ድረ ገጻቸውን ጠዋት ሳታዩ አትነሱ። ይሄን ሁሉ ስል ኬብል ካሩን እየነቀፍኩ አይደለም። ከ1929 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ከ1997 ወዲህ ያሉት ካቢኖች 65 ሰው ይይዛሉ፣ ወለላቸው እየዞረ ሁሉንም አቅጣጫ ያሳያል፣ አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው። የመውረጃ ብቻ ትኬት አለ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ካለባችሁና አየሩ ከፈቀደ ክፈሉና ውረዱ፣ አታቅማሙ።

ጣቢያው አካባቢ ካፌና መጸዳጃ ቤት አለ። ከሰዓታት ጉዞ በኋላ በኬብል ካር የመጣ፣ ሽቶ የተቀባና ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰው ይቀላቀላችኋል፤ ያስቃል። ሽኮኮዎቹም እዚያ ናቸው። አዎ፣ ያው ሽኮኮ ነው። የሚበላ ነገር የሰጣቸው ሰው ስለበዛ ድፍረታቸው ሌላ ነው፤ አንዱ ክፍት ቦርሳ ውስጥ አንገቱን ከትቶ የላስቲኩን ድምፅ እያሰማ ሲፈትሽ ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ ሴልፊ ሲነሳ አይቻለሁ። አትመግቧቸው፣ ጥርሳቸውም ቀልድ አይደለም። ከዳር ሆናችሁ ስታዩ በአንድ በኩል ሮበን ደሴት፣ ከሥር ላየንስ ሄድ፣ በስተደቡብ ተራራው ተሰልፎ ወደ ኬፕ ፖይንት ሲወርድ ታያላችሁ። በሌላው በኩል ፎልስ ቤይ አለ። እይታውን ከዚህ በላይ አልገልጸውም፣ ስትወጡ ታዩታላችሁ።

እንግዲህ መውረጃው። ፕላተክሊፕ ከከተማው በኩል ካሉት ሁሉ ቀጥተኛው መንገድ ነው። አንቶኒዮ ደ ሳልዳኛ የሚባለው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ በ1503 ይሄን ተራራ ሲወጣ በዚሁ ሸለቆ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የሚያስፈራ ገደል የለበትም፣ መሰላል የለበትም፣ መንገዱም አይጠፋችሁም። ታዲያ ግማሽ ነጥብ ለምን ቀነስኩ? ስለሚሰለች ነው። ከላይ እስከ ታች ትላልቅ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። የደረጃው ቁመት እኩል አይደለም፤ አንዱ አጭር፣ ቀጣዩ እስከ ጉልበት። እግራችሁ ልክ ሊይዝ አይችልም። ከ600 ሜትር በላይ እንዲህ ስትወርዱ መሐል ላይ ጉልበታችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የእግር ጣታችሁ የጫማውን አፍ ይመታል፣ ታች ያለው መኪና መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ቅርብ ሆኖ ይታያል እንጂ አይደረስም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩም አለ። ዱላ ያዙ። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማ ክራችሁን ከቁርጭምጭሚት በኩል አጥብቁት። ቀላል ነገር ነው፣ ጥፍራችሁን ግን ያተርፍላችኋል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልቀባጥርም። ውሃ በሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር፣ በበጋ ሦስት። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ታች 30 ዲግሪ ቢሆንም። ኮፍያና ሰንስክሪን። ባትሪ፣ የስልኩ ሳይሆን ራሱን የቻለ። በደንብ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ። ጂንስ ሱሪ ለብሶ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሲረጥብ የሚከብደውን እሱው ይንገራችሁ።

ደኅንነትን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልናገር። በዚህ ተራራ ላይ ዝርፊያ ያጋጥማል፤ ባለሥልጣናቱም ያስጠነቅቃሉ። ብቻችሁን አትሂዱ። አራትና ከዚያ በላይ መሆን ይመከራል። ሰው በሚበዛበት ቀን ሂዱ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ቤት ይቅር፣ ስልክ እጅ ላይ አይንጠልጠል። ለሆነ ሰው በየት ወጥታችሁ በየት እንደምትወርዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከሞባይል 112 ደውሎ የአደጋ እርዳታ መጥራት ይቻላል። የስልካችሁን ባትሪ ለዚያ ቆጥቡ። ኔትወርኩ ከላይ ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ሸለቆ ውስጥ ግን አትመኑት።

ለማን ይሆናል? ደረጃ ወጥቶ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ሃይክ እንዲሆን አልመክርም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚንቀሳቀስ፣ ከፍታ የማይፈራ ሰው ቀስ እያለ ይወጣዋል። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ መሰላሎቹን አስቡባቸው፤ አንስታችሁ የምታሻግሩት ልጅ ካለ ቦታው አይደለም። ወቅቱን በተመለከተ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለእኔ ምርጡ ነው፤ ንፋሱ ረገብ ይላል፣ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዋናው የክረምት ዝናብም ገና አልጠናም። በታኅሣሥና በጥር ከሄዳችሁ በጠዋት፣ በጣም በጠዋት።

ገንዘብ ላይ፦ ተራራው ራሱ ነፃ ነው፣ በፕላተክሊፕ በኩል ለመውጣት አንድ ራንድ አትከፍሉም። የምትከፍሉት ኪርስተንቦሽ ላይና ከፈለጋችሁ ኬብል ካሩ ላይ ነው። አስጎብኚ መቅጠርም ይቻላል፤ የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነና መንገድ የሚያውቅ ሰው ከሌለባችሁ ወጪው አይቆጭም።

አንድ የቀረ ነገር፦ የምትነሱበትና የምትወርዱበት ቦታ አንድ አይደለም። መኪናችሁን ኪርስተንቦሽ ካቆማችሁ ስትጨርሱ የተራራው ሌላኛው ወገን ላይ፣ ታፈልበርግ ሮድ ላይ ናችሁ። በእግር የሚመለሱበት አይደለም። ወይ ሁለት መኪና ይኑራችሁና አንዱን ታች አቁሙ፣ ወይ ጠዋት በሚጠራ ታክሲ ሂዱና ማታም በዚያው ተመለሱ። ታክሲ ለመጥራት ወደ ኬብል ካሩ ታችኛው ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ ከፕላተክሊፕ መውረጃ በአስፋልቱ ወደ ግራ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ እዚያ ሁልጊዜ መኪና አይጠፋም።